የአባዬን የፓርኪንሰን መድኃኒት የምገዛባት የፒያሳዋ ፋርማሲ

ጎንደር ላይ ሊቮዶፓ ካርቢዶፓ፣ ማለትም እጅ የሚያንቀጠቅጠውንና ሰውነት የሚያግተረውን የፓርኪንሰን በሽታ መድኃኒት፣ ፈልጎ የዞረ ሰው ያውቀዋል፣ አንዱ ጋ አልቋል ሌላው ጋ አለ ግን ዋጋው አይቀመስም። አባዬ 250/25 ሚሊግራሙን በቀን 3 ጊዜ ነው ሚወስደው፣ በወር 90 ፍሬ ማለት ነው፣ የጡረታው ግማሽ እዛው ላይ ያልቃል፣ እድሜ ልክ ሚወሰድ ስለሆነ ደግሞ ዘንድሮ ይቅርብኝ አይባልም። ባለፈው አዘዞ አንድ ቤት የ3 ወር ገዝቼ ቤት ገብቼ ሳየው ኤክስፓየር ሊያደርግ 1 ወር ነው የቀረው፣ ልመልስ ስል እምቢ አሉኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

የፒያሳዋ ጋ ግን ፋርማሲስቷ ማዘዣውን አይታ ብራንዱንና ጀነሪኩን (ያለ ታዋቂ ስም በርካሽ የሚሸጠውን ያንኑ መድኃኒት) ጎን ለጎን አስቀምጣ "ንጥረ ነገሩም ሚሊግራሙም አንድ ነው፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩና በርካሹ ውሰዱ" አለችኝ። ብር ሲያጥረኝም በስትሪፕ ትሸጥልኛለች። ደሞ "አባባ ከምግብ ጋር ነው እንዴ ሚወስዱት?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ለካ ሥጋና ወተት የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል፣ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይሻላል። እንዳለችው አደረግን፣ ባለፈው እሁድ አባዬ ቤተክርስቲያን ሊሄድ የሸሚዙን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ራሱ ቆለፈ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እያየሁት እንባዬ መጣ።

ቅር ያለኝ ወረፋው ነው፣ ጠዋት ከሄዳችሁ ትቆማላችሁ። እና ብር ለመቆጠብ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳትቀንሱት ወይ እንዳታቋርጡት፣ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። 10 ፍሬ ሲቀራችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።