የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቻይና የጉዞ ማሳሰቢያ ለነጋዴ ምን ያህል ይጠቅማል?

ዕቃ ለማየትና ለማዘዝ ከአሜሪካ ወደ ጓንግዡ የሚመላለሱ ወገኖቻችን ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ሊያነቡት የሚገባ አንድ አገልግሎት አለ፤ እሱም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለ ቻይና የሚያወጣው የጉዞ ማሳሰቢያ ነው። እዚህ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ለሥራ የሄደ ሰው ክስ ሳይመሠረትበት ቢያዝ ምን እንደሚገጥመው በግልጽ ይነግረዋል ወይ?

ዝርዝሩን ላነበበ ሰው ማሳሰቢያው ታማኝ ነው። አንድ አሜሪካዊ የቆንስላ ሠራተኛ ሳያገኝ፣ የተጠረጠረበትም ወንጀል ሳይነገረው ሊታሰር እንደሚችል፣ ከአገር እንዳይወጣ የታገደ ሰውም ብዙውን ጊዜ እገዳውን የሚያውቀው ለመውጣት ሲሞክር መሆኑን ሳያለዝብ ጽፎታል። ከአቅራቢው ጋር በገንዘብ የተጣላ ነጋዴ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ደግሞ ደጋግሞ ቢያነበው እመክራለሁ፤ የንግድ ክርክር ብቻውን ለእገዳ ምክንያት ሊሆን ይችላልና።

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን የደረጃ ቁጥሩ ነው፤ ደረጃው ከ1 እስከ 4 ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማስጠንቀቂያው ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 2024 ሦስት አሜሪካውያን ከቻይና እስር በተለቀቁበት ዕለት ማሳሰቢያው ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 2 ዝቅ አለ፤ በሕግ አግባብ ያልሆነ እስር ስጋት መኖሩን የሚገልጸው ሐረግም ከርዕሱ ወጣ። የሰዎቹ መፈታት ታላቅ ደስታ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ አልተለወጠም፤ የቻይና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በብሔራዊ ደኅንነት የተጠረጠረን ሰው ከመደበኛ እስር ቤት ውጭ በተመደበ ቦታ እስከ 6 ወር ማቆየትን፣ ጠበቃ ማግኘቱንም በመርማሪው ፈቃድ ላይ ማንጠልጠልን አሁንም ይፈቅዳል። በሐምሌ 2023 ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የፀረ ስለላ ሕግም የስለላን ትርጉም አስፍቶታል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ነጋዴ ስጋቱ የቀነሰ ይመስለዋል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሂዩስተኗ ነጋዴ ሳንዲ ፋን-ጊሊስ የደረሰባት ያሳያል። ከንግድ ልዑካን ጋር ሄዳ በመጋቢት 2015 ከዡሃይ ወደ ማካው ልትሻገር ስትል ተያዘች፤ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ከላይ በተጠቀሰው ዓይነት፣ ከመደበኛ እስር ቤት ውጭ በተመደበ ቦታ አሳለፈች፤ ከአንድ ዓመት በላይም ያለ ክስ ቆየች። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስርን የሚመረምረው የሥራ ቡድን በ2016 እስሯ የዘፈቀደ ነው ሲል ወሰነ፤ እሷ ግን ወደ አገሯ የተመለሰችው በሚያዝያ 2017 በስለላ ተፈርዶባት ከተባረረች በኋላ ነው። በልዑካን ቡድን መካከል መሆንና የአሜሪካና የቻይና ከተሞችን በሚያወዳጅ ሥራ ለዓመታት መታወቅ አልጠበቃትም።

ሌላው ጉድለት የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በ1980 የተፈረመው የሁለቱ አገሮች የቆንስላ ስምምነት ቻይና የአሜሪካዊን መታሰር በ4 ቀን ውስጥ እንድታሳውቅ ያስገድዳል፤ ነገር ግን በአሜሪካ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ምክንያት ታሳሪው ካልፈቀደ የቆንስላው ሠራተኛ ያወቀውን ለባለቤቱ ወይም ለልጁ እንኳ መናገር በአብዛኛው አይችልም። ለቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ዝምታ ሆኖ ሳለ፣ ጉዳዩ የሚገኘው በማሳሰቢያው ግንባር ላይ ሳይሆን ስለ እስር በተጻፈ ሌላ ገጽ ነው። ቆንስላው ሊጎበኝ፣ የጠበቆች ዝርዝር ሊሰጥና መልእክት ሊያደርስ ይችላል፤ ሊያስፈታ ግን አይችልም።

እንደ ማስጠንቀቂያ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ደረጃውን ትቶ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ለሚያነብ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ነጋዴም ከምክሩ ይጠቀማል፤ እርዳታውን ግን የሚጠይቀው ከራሱ መንግሥት ስለሆነ በቤጂንግ ያለውን ኤምባሲና በጓንግዡ ያለውን ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ስልክ ከመነሣቱ በፊት ለቤተሰቡ ይተውላቸው።