የሰኔው የወላጆች በዓል ወይስ የጠዋቱ ሰልፍ?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪንና መምህርን የት እናመስግን? በዓመቱ መጨረሻ በወላጆች በዓል ወይስ በየሳምንቱ በጠዋት ሰልፍ?

የወላጆች በዓል ድምቀቱ ሌላ ነው። እናት ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። የልጇ ስም በማይክ ሲጠራ እልልታው ግቢውን ይሞላዋል። ይህን ምንም አይተካውም። ግን ሽልማቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ለወጡት ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 57ቱ አጨብጭበው ወደ ቤት ይሄዳሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትም ለሰኔው በዓል አይደርስም። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ደረጃ የወጣውን ብቻ ማመስገን የቀረውን ተስፋ ያስቆርጣል፤ በጣም ያሳስበኛል።

ሰልፉ ወጪ የለውም። ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በፊዚክስ ከ40 ወደ 65 ከፍ ያለችው ልጅ ትጠራለች። ቅዳሜ መጥቶ ማጠናከሪያ የሚሰጠው መምህር ይመሰገናል። የላብራቶሪ ሠራተኛዋና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊውም ተራ ይደርሳቸዋል፤ በበዓሉ መድረክ እነሱን የሚያስታውስ ብዙም የለም። ሥራው ትኩስ እያለ ሲነገር ሌላው ተማሪም "እኔስ?" ይላል።

የሰልፉ ጉድለት ወላጅ አለመኖሩ ነው። ለዚያ አጭር የምስጋና ደብዳቤ በልጁ እጅ መላክ ይቻላል። አንዱን ምረጥ ብባል ሰልፉን እመርጣለሁ፤ በተለይ ለመምህራኑ ስል።