ከዶራ የገዛኋት የኪስ ዳዊት

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት የኪስ መዝሙረ ዳዊት ነው። ነሐሴ 2016 ላይ እዚሁ ቤይሩት፣ ዶራ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ከሚሸጥበት አንድ የሐበሻ ሱቅ በ8 ዶላር ገዛኋት። የእስራኤልንና የሂዝቦላህን ጦርነት አብረን ነው ያለፍነው፤ ስለዚህ ደግ ደጓንም ጉድለቷንም ደብቄ አላልፍም። «እምነቴ ቀዝቅዟል፣ ፍርሃት በላኝ፣ ከየት ልጀምር?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝም መልሴ ይኸው ነው።

መጀመሪያ መልኳን ልንገራችሁ። መዳፍ ላይ ልክክ ትላለች፤ በሽርጥ ኪስ ትገባለች። ሽፋኗ ጥቁር ፕላስቲክ ሆኖ ወርቃማ መስቀል ታትሞበታል። መስቀሉ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አውራ ጣቴ በሚያርፍበት በኩል መልቀቅ ጀመረ። ወረቀቷ ስስ ነው፤ የወዲያኛው ገጽ ፊደል ወደዚህ ያሳያል። በቀን ደህና ትነበባለች፣ በሻማ ግን «ለ» እና «ሉ» ይምታቱብኛል። አንዲት ቀይ ጥብጣብ ለምልክት ተሰፍታባታለች። ግእዙ የለም፣ መዝሙሩ ሁሉ በአማርኛ ነው፤ ከመዝሙሩ በኋላ የነቢያት መኃልይ፣ መኃልየ ሰሎሞንና የሰባቱ ቀን ውዳሴ ማርያም አሉ።

መጀመሪያ የሰጡኝ ቅጂ ጉድለት ነበረበት። ከ61ኛው መዝሙር አካባቢ ያሉት ገጾች ሁለት ጊዜ ገብተው፣ ቀጥሎ መምጣት ያለባቸው ጠፍተዋል። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያየሁት። በሳምንቱ መልሼ ስወስደው ባለ ሱቋ አንድ ቃል ሳትናገር ለወጠችልኝ፤ እግዜር ይስጣት። እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ የመዝሙሮቹን ቁጥር በተራ ገልጣችሁ እዩ።

አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። የብራና ዳዊታቸው ከማኅደሩ (ከቆዳ መያዣው) ጋር ከራስጌያቸው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ያወርዱትና ነጠላቸውን አጣፍተው ይቆማሉ። የፈጣሪ ስም በቀይ ቀለም ስለተጻፈ፣ ፊደል ሳልቆጥር በፊት እንኳ «እግዚአብሔር» የሚለው ቃል የት የት እንዳለ በጣቴ እየነካሁ አሳያቸው ነበር። በዚህችኛዋ ሁሉም ጥቁር ነው። አሳታሚዎቹ ሁለት ቀለም ማተም ውድ ሆኖባቸው ይሆናል፤ እኔን ግን ቅር ብሎኛል።

ወደዚህ አገር ከመጣሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነኝ። መጀመሪያ ተቀጥሬ የሠራሁበት ቤት እሑድ የሚባል ነገር አልነበረም። ጾም ሲገባ የሚነግረኝ የለም፤ ሲፈታም አላውቅም። እምነት ባንድ ቀን አይጠፋም፤ ውኃ እንዳጣ እንስራ ቀስ ብሎ ነው የሚሰነጠቀው። ከዚያ ሐምሌ 28 ቀን 2012 መጣ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዳለፈ ወደቡ ፈነዳ። እኔ አሽረፊዬ የሚባለው የቤይሩት ሰፈር፣ አሁንም ያለሁበት ቤት ነበርኩ፣ ልብስ እየተኮስኩ። መስኮቱ ከነፍሬሙ መጥቶ ከእኔና ከካውያው መሃል ወደቀ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኔ ክንዴ ላይ ጭረት ብቻ ነው ያለኝ። ሁሉም «ተመስገን በይ» አሉኝ፤ እኔ ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ካድኩ አልልም። ዝም አልኩ። አራት ዓመት ሙሉ ከፈጣሪ ጋር ሳልነጋገር ኖርኩ፤ በር በኃይል ሲዘጋ ግን የያዝኩት ሳህን ከእጄ ይወድቅ ነበር።

በ2016 ክረምት የጦር አውሮፕላኖች ከተማው ላይ የድምፅን ፍጥነት አልፈው እየበረሩ ሕንፃውን ያናውጡት ጀመር። ያን ጊዜ ነው ዶራ የሄድኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ልጸልይባት አልገዛኋትም፤ ትራሴ ሥር ላደርጋት ነው የገዛኋት። አገራችን ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ እኔም አደረግሁ። ለአንድ ወር ያህል ትራሴ ሥር ነበረች፤ ፍርሃቱ ግን አንድ ጋት አልሸሸም። እንዲያውም በየሌሊቱ እጄን ሰድጄ መኖሯን እያረጋገጥኩ እንቅልፌን አጣሁ። በእሷ በኩል ያለው ሁሉ ደህና ነበር፤ ጥፋቱ እኔ አለመክፈቴ ነበር።

ለጸሎት የከፈትኳት መስከረም 13 ቀን 2017 ነው። ሰኞ ነበር። በአገሪቱ ደቡብና በምሥራቁ በበቃዓ ሸለቆ ድብደባው የበረታበት፣ ሽሽተኛው መኪና ለመኪና ተያይዞ ወደ ቤይሩት የጎረፈበት ቀን። የማስታምማቸው ተይታ (እዚህ አያትን እንዲህ ነው የምንጠራው) 86 ዓመታቸው ነው፣ ከአልጋ የሚወርዱት በእኔ ክንድ ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፊልኝ አሉኝ። አጠፋሁ። ቤቱ ጭር ሲል ጭርታው ከቴሌቪዥኑ ባሰ። ትራሴ ሥር ያለችውን አምጥቼ፣ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ እንደሚነበብ፣ የሰኞ ክፍልም ከ1 እስከ 30 መሆኑን ከአያቴ ስለማውቅ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። ተይታ አማርኛ አያውቁም፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ።

12ኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። እኔ እኮ ለአራት ዓመት አፌን የዘጋሁት ይህን ማለት ድፍረት ስለመሰለኝ ነው! ተቆጥቼ፣ ተከፍቼ መቅረብ የማይቻል መስሎኝ ነው። ቅዱስ ዳዊት ግን ብሎታል፤ ቤተ ክርስቲያንም ጸሎት አድርጋ በየሰኞው ታስነብበዋለች። ለእኔ እምነቴ መመለስ የጀመረው በዚያች ደቂቃ ነው። ደፋር አልሆንኩም። የሚንቀጠቀጠው ድምፄ ራሱ ጸሎት መሆኑን ነው ያወቅሁት።

28ኛው ላይ «እግዚአብሔር የሊባኖስን ዝግባ ይቀጠቅጣል» የሚለውን ሳነብ ተይታ ቀና አሉ። ሊባኖስ የምትለዋን ለይተው ሰሟት። «ስለ እኛ አገር ምን ይላል?» አሉኝ። ያን ቀን ያን ማስተርጎም ከበደኝ። ገጽ ገልጬ 91ኛውን ፈለግሁና፣ ጻድቅ እንደ ሊባኖስ ዝግባ ያድጋል የሚለውን በኩሽና አረብኛዬ ነገርኳቸው። በማግስቱ ግን የመጀመሪያውንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «አውቀዋለሁ፣ የእኛም መጽሐፍ ላይ አለ» አሉና እጄን ያዙኝ።

አንድ ቀን ሠላሳ መዝሙር እንደማይዘለቅ ወዲያው ታየኝ። አዲስ አበባ ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ፤ ከስንት ዓመት በኋላ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። በክርስትና ስሜ ጠሩኝ፤ ስሜን ሳይረሱት! «ልጄ፣ አንድ ንጉሥ ካልቻልሽ አንድ መዝሙር፤ አንድ መዝሙር ካልቻልሽ አንድ ቁጥር። ብቻ በየቀኑ ይሁን፣ በዚያው ሰዓት ይሁን» አሉኝ። ንጉሥ የሚባለው አሥር አሥሩ መዝሙር ነው፤ ዳዊት በ15 ንጉሥ ይከፈላል። ለራሴ ማታ 12 ሰዓትን መረጥኩ፤ ወደቡ የፈነዳበት ሰዓት ስለሆነ ሰውነቴ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይሸበራል።

መስከረም 17፣ መስቀል ዕለት፣ ዓርብ ነበር። የዓርብ ክፍል ከ111 እስከ 130 ነው፤ መካከሉ ላይ ረጅሙ 118ኛው አለ፣ 176 ቁጥር ያለው። እሱን ይዤ ነበር። የቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ በሆነው ዳሕዬ ላይ የወረደው ቦምብ ከተማውን በሙሉ አናወጠው። ቡናዬ ከነሲኒው ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ። ተይታን ከነብርድ ልብሳቸው አቅፌ መስታወት ወደሌለበት ኮሪደር ወሰድኳቸው፤ ይህን 2012 አስተምሮኛል። መጽሐፏ ጣቴ እንደገባባት ነበረች። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፄ ይቆራረጣል፤ የቀጠልኩበት ቦታ «ሕግህ ለእግሬ መብራት፥ ለመንገዴ ብርሃን ነው» የሚለው ነው። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ነው ያነበብኩት። ከዚያ 120ኛው መጣ፦ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» በእነዚያ ቀናት መኪና ያለው ሁሉ ወደ ተራራው እየሸሸ ነበር። ስንቶቹ እህቶቻችን ማዳሞቻቸው ጥለዋቸው ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው ቀርተዋል። እኔም ሳልናገር በልቤ ተራራውን ስመኝ ነበር። መዝሙሩ ግን ረዳትን ከተራራ አይጠብቅም፤ ሰማይንና ምድርን ከሠራው ነው የሚጠብቀው። ይህን ሺህ ጊዜ በመዝሙር መልክ ሰምቼዋለሁ። ኮሪደር ላይ፣ አሮጊት ታቅፌ ሳነበው ግን ለእኔ የተላከ ደብዳቤ ሆነብኝ።

ከዚያ በኋላ አልፈራሁም ብላችሁ እዋሻለሁ። እስከ ኅዳር 18፣ ተኩስ አቁሙ እስከተጀመረበት ድረስ፣ በየሌሊቱ ፈርቻለሁ። ግን የምናገረው ሰው አገኘሁ። ፍርሃቱ ሲመጣ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ለውጡ ይህ ነው።

ስለ ስልክ ጥያቄ ለምታነሱ፦ የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ እኔም ነበረኝ። የሕንፃው የመብራት ሞተር ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይጠፋል፣ ባትሪውም ያልቃል። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ መዝሙር ልከፍት ስልኩን ሳነሳ ቲክቶክ ላይ «በዚህ ቀን ቤይሩት ትጠፋለች» የሚል ትንቢት ነጋሪ ይመጣብኛል። ስንቱን ሌሊት እሱን ስሰማ አድሬያለሁ። እንዲህ ያለው ሰው በእግዚአብሔር ስም ፍርሃት ሲሸጥልን ነው የኖረው። ወረቀቷ ላይ ግን ከመዝሙሩ ሌላ የሚመጣ የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቁጥሯ በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ነው። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን ብዙ አፖች ላይ 91 ብላችሁ ታገኙታላችሁ፣ እዚህ 90 ነው። ስትለዋወጡ ግራ እንዳትጋቡ። ሐሙስ ክፍል ውስጥ ነው፤ 87ኛውም እዚያው አለ። 87ኛውን ሰው ብዙ አይጠቅሰውም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለቅሶ ነው፣ የሚያጽናና መዝጊያ እንኳ የለውም። ምንም ማለት የማትችሉበት ቀን ሲመጣ እሱን አንብቡት። ከ90ኛው በፊት እሱ መቀመጡ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣታለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለፊደሉ ማነስና ለስፌቷ ነው። ስፌቷ ደካማ ነው፤ የሐሙስ ክፍል፣ ደጋግሜ ስለምገልጠው፣ ጥር ላይ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። ዓይናችሁ የደከመ ከሆነ ወይም ለእናታችሁ የምትገዙ ከሆነ ተለቅ ያለውን፣ ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን ያለበትን ፈልጉ። ቤት ተቆልፎባት ለምትኖር፣ በኪሷ ደብቃ ለምትይዝ ልጅ ግን ይህችን ነው የምገዛላት፤ እስካሁን ሦስት ገዝቼ ሰጥቻለሁ።

የተገነጠለውን በሙጫ መለስኩት። ተይታ አይተውኝ ከቁም ሣጥናቸው አንድ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ አስወጡኝና «ቁረጪው» አሉኝ። ከሠርጋቸው ጀምሮ የነበረ ቦርሳ ነው፤ እምቢ አልኩ፣ እሳቸውም እምቢ አሉ። በሁለት እሑድ ማኅደር ሰፋሁበት፤ ማንገቻው የቦርሳው የራሱ ነው። አሁን ከራስጌዬ፣ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላለች። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ተይታ በጣታቸው ያሳዩኛል።