«በየ3 ወሩ ነፃ ክትትል» ከሚሉ የፓርኬ ዘይት ቀቢዎች ተጠንቀቁ

የድሮ ፓርኬ ወይም የጣውላ ወለል ያላችሁ ሰዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትሰጡ።

እኛ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ «ወለላችሁን ዘይት እናጠጣላችሁ» የሚሉ ሰዎች መጥተው ነበር። በካሬ የሚጠይቁት ሌላው ከሚጠይቀው ግማሽ አይሞላም። በአንድ ቀን እንጨርሳለን ይላሉ። በዚያ ላይ «በየ3 ወሩ ነፃ ክትትል» አለው። እናቴን «እማማ፣ የጀርመን ዘይት እኮ ነው፣ 5 ዓመት አይነኩትም» አሏት። 5 ዓመት የማይነካ ነገር በየ3 ወሩ ምን ክትትል ይፈልጋል? ሽወዳው ያለው እዚችው ላይ ነው።

የቀቡት ቀን ማታ ወለሉ መስታወት መስሎ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አደነቀ። ሳምንት ሳይሞላው እግር ይይዝ ጀመር። ነጭ ካልሲ ያደረገ ሰው ሳሎኑን ሲያቋርጥ ጥቁር ካልሲ ይዞ ይወጣል። አቧራው፣ የእንጀራ ፍርፋሪው፣ የድመቷ ፀጉር፣ ሁሉም እዚያው ይለጠፋል። ስንደውል ምን ቢሉን ጥሩ ነው? «ክትትሉ ነፃ ነው፣ የዘይቱን ብቻ ትከፍላላችሁ።» መፍትሔው ደግሞ ሌላ እጅ መደረብ ነው አሉ።

በኋላ ያስጠራነው አናጢ ብዙ አላወራም። ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ከሶፋው ጀርባ ወለሉን ጫር አደረገው። ቢጫ ቅርፊት ተነሳ። የድሮው ቫርኒሽ ነው። ሰዎቹ ዘይታቸውን ያፈሰሱት እሱ ላይ ነበር።

ዘይት የሚጠቅመው እንጨቱ ውስጥ ሲገባ ነው። ቫርኒሽ ደግሞ ከላይ የሚቀመጥ ሽፋን ስለሆነ ዘይት አያሳልፍም። ስለዚህ ቫርኒሽ የነበረው ወለል መጀመሪያ ባዶ እንጨቱ እስኪታይ በማሽን መላግ አለበት። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ 40 ቁጥር አካባቢ ይጀመራል፤ ከዚያ 60 ወይም 80፤ 100 ወይም 120 ላይ ይጨረሳል። አቧራው አንድም ሳይቀር ይነሳል። ከዚያ ዘይቱ በስሱ ይቀባል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል፣ እንጨቱ ያልጠጣው በጨርቅ ተጠርጎ ይወጣል። ይሄን መጥረግ ነው ችኩሎቹ የሚዘሉት። ላዩ ላይ የቀረ ዘይት ለጊዜው ያብረቀርቃል፣ ኋላ ያጣብቃል። ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያው ሳይደርቅ አይነካም፤ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ነው። እንግዲህ «ሁለት እጅ ቀብተን በአንድ ቀን እናስረክባለን» ያላችሁ ሰው ከሁለቱ አንዱን እየዋሸ ነው።

ዘይቱ ራሱም ሌላ ጉድ ነው። የእኛው የመጣው ምንም ያልተጻፈበት ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው። ትተውት የሄዱት ትራፊ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ለእንጨት የሚሆነው የሚደርቅ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት ለምሳሌ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቀስ እያለ ይጠጥራል። ጥሬው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ለእንጨት ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ስለሚጨመርበት ይፈጥናል። የምግብ ፓልም ዘይት ግን ዓመት ቢቀመጥም አይደርቅም። የተቃጠለ የመኪና ዘይትም እንደዚያው። እሱ ለምስጥ ተብሎ የአጥር እንጨት ሲቀባ ሁላችንም አይተናል። ሕፃን የሚድህበት ወለል ላይ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ዘይቱ ከነማሸጊያው ይምጣና ፊታችሁ ይከፈት። አንድ ሊትር ስንት ካሬ እንደሚሸፍን ጣሳው ላይ ተጽፏል። የቤታችሁን ካሬ ይዛችሁ ስንት ጣሳ እንደሚበቃ ራሳችሁ አስሉ፤ ባዶዎቹንም አስቀሩ። ሒሳቡን አጠቃላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ወለሉ ሳምንት ይቆይ። የዘይቱ ስም፣ የእጁ ብዛትና ዋስትናው ደረሰኙ ላይ ይስፈር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን አዋጁን ይዛችሁ የት ትሄዳላችሁ?

አፓርታማና ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ቼክ አድርጉ። ብዙ ሻጭ ላሚኔቱንም ፓርኬ ነው የሚለው። የላሚኔት ላዩ የእንጨት ምስል የታተመበት ወረቀት ነው። አይላግም፣ ዘይትም አይጠጣም። አንዱ ጣውላ ላይ ያያችሁት ዓይነ እንጨት ሌላው ላይ ቁርጥ እሱኑ መስሎ ከተደገመ ላሚኔት ነው። ሰዎቻችን ጎረቤታችን ጋ ላሚኔቱንም ለክተው ዋጋ ተናግረው ነበር። ደግነቱ ልጇ አባረራቸው።

በጣም ያናደደኝ ግን የጨርቁ ነገር ነው። ሲጨርሱ በዘይት የራሰውን ጨርቅ ጠቅልለው በፌስታል ጓዳ ጥለውት ሄዱ፣ ያውም የከሰሉ ጆንያ አጠገብ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል። ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭር በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የሚባለው ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው በእንዲህ ዓይነት ጨርቅ ነው። እንጨት የሚያድሱ ሠራተኞች ትተውት የሄዱት ነበር፤ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። እኛን ያተረፈን ዘይቱ የውሸት መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። እውነተኛ ዘይት ካስቀባችሁ ጨርቁን ደጅ ላይ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ክተቱት።

በትክክል ዘይት የጠጣ ወለል ብዙ አያስቸግርም። በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይወለወላል፤ በረኪናና ኦሞ አይወድም። ለበዓል ቄጠማ ስትጎዘጉዙ እርጥቡን አታሳድሩበት፣ እድፍ ይተዋል። ደጋግሞ የሚረገጠው ቦታ፣ በር አካባቢና ኮሪደሩ፣ ሲደበዝዝ እሱን ብቻ ደግሞ ማስቀባት ይቻላል። በየ3 ወሩ ሙሉ ቤት መቀባት ግን የሚጠቅመው ዘይት ሻጩን ነው።

አንዴ ተቀብቶባችሁ ከሆነ «ሌላ እጅ እንደርብ» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ውሃም አትድፉበት። ጥግ ላይ አንዲት ካሬ የማትሞላ ቦታ መርጣችሁ በጨርቅ ትንሽ ቲነር ሞክሩ፤ የሚያጣብቀው ከተነሳ ቀሪውን ባለሙያ ያንሳና በማሽን ይላገው። ቲነር ስትነኩ መስኮቱን ሁሉ ክፈቱ፣ ከሰልም አታቀጣጥሉ። የዚያን ቀን ቡናው ጎረቤት ይፈላ።