ሴፍቲኔት፦ ሦስት ዓመት በመጥረጊያ

የከተማ ሴፍቲኔት፣ ድሃ ቤተሰቦችን እያሠራ የሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ተመዝገቢ ብላ የጎተጎተችኝ ጎረቤቴ ናት። እኔማ «ለዘመዶቻቸው ነው የሚሰጡት» ብዬ ነበር። ግን ስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰፈሩ በሙሉ አየው፤ ያልገባውም ቅሬታ አቀረበ።

ሥራው ጠዋት ነው። 12 ሰዓት ላይ መጥረጊያዬን ይዤ አስፋልት ዳር፣ አራት ሰዓት ላይ ቤቴ። ልጆቼን ትቼ ቀኑን ሙሉ አልጠፋም። ወገብ ግን ይፈልጋል! የመጀመሪያውን ሳምንት የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነው የጠረግሁት። በኋላ ተውኩት።

የሚያማርረኝ ክፍያው ነው። ወሩን ሙሉ ሠርተን ብሩ ይዘገያል፤ የባለሱቁ ዱቤ ደግሞ አይጠብቅም። አንዴ የአራት ቀን ፊርማዬ ጠፍቶ «ሲስተም ነው» ተባልኩ። ሲስተሙን ማን እንደሚጠርገው እንጃ።

ቁጠባውን ወድጄዋለሁ። ከክፍያችን 20 በመቶ ሳናየው ባንክ ይገባ ነበር። መጀመሪያ አንጀቴ አርሮ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን መቋቋሚያ ተብሎ ከተሰጠን ገንዘብ ጋር ደምሬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁበት። አሁን ለሁለት ምግብ ቤት እንጀራ አስረክባለሁ።

መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ የሚባል አለ። ከጎኔ ያሉት እማማ መድኃኒታቸውን የሚገዙት በዚያ ነው። ለአስቤዛ አይተርፋቸውም።

ለመመዝገብ ያሰባችሁ፣ የባንክ ደብተራችሁን ስም ከመታወቂያችሁ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። እኔ በአንዲት «ሐ» ሁለት ወር ተንከራትቻለሁ።