ልጄን ከእጄ ለተቀበለችው ተረኛ ሲስተር

ዝም ብል ነውር ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የ3 ዓመቱ ልጄ ዝልፍልፍ አለብኝ። ላብ በላብ ሆኗል፤ ስጠራው ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል። በባጃጅ መጀመሪያ ያገኘሁት የግል ክሊኒክ ገባሁ። «መጀመሪያ ካርድ አውጪ» አሉኝ። ከፈልኩ፣ ተራ ጠበቅኩ። በስንት ልመና ገብቼ ያየው ሰውዬ ልጁን በእጁ ሳይነካ «እንቅልፍ ነው፣ ወተት ስጪው» ብሎ ሸኘኝ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በዚያው ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ በረርን። ድንገተኛ ክፍል የነበረችው ሲስተር ካርድ የሚባል አላነሳችም። ልጁን ተቀብላኝ «ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ?» አለችኝ። እናቴ ከገጠር ከመጣች ወር አልሞላትም፣ የስኳር ኪኒን ትወስዳለች። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ጣቱን ወጋ አድርጋ ጠብታ ደም በመሣሪያ አየች። «31» አለች። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም፣ ፊቷን አይቼ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ለካ የደሙ ስኳር በጣም ወርዶ ነው፤ ግሉኮስ በደም ስሩ ሰጠችው። ትንሽ ቆይቶ «እማ» አለኝ። ያቺን ቃል መቼም አልረሳትም።

እናቴ የኪኒኑን ማሸጊያ ይዛ እያለቀሰች ደረሰች። ሲስተሯ አጠገቧ ተቀምጣ አብራት ቆጠረች። 2 ፍሬ ጎድሏል፤ ለካ ልጄ ውጧቸው ነው። «እማማ አያልቅሱ፣ ይሄን ይዘው መምጣትዎ ነው የጠቀመን» አለቻት። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም! ለትንሽ ልጅ አንዷ ኪኒን እንኳ አደገኛ እንደሆነች፣ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችልም ሆስፒታል መከታተል እንዳለበት አስረዳችን። አምቡላንስ ውስጥም አብራን ገብታ መንገዱን ሙሉ ጣቱን እየወጋች ስኳሩን ታይ ነበር። ሆስፒታል ብዙ ደም ወሰዱ፣ ምን ምን እንደመረመሩ አልገባኝም። አንድ ቀን ሙሉ ተከታትለው በሰላም ሸኙን።

እባካችሁ፣ ልጃችሁ ሳይታሰብ ከደከመባችሁ «እንቅልፍ ነው» ሲሏችሁ አትመለሱ። ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ሌሊትም ሰው አለ። ቤት ውስጥ ሰው የሚወስደው መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። መኪና ካጣችሁ 907 ደውሉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ሲስተሯን ስሟን ልጻፍ ብላት «ሥራዬ ነው» ብላ እምቢ አለችኝ። እሷን ያሳደገች እናት ትባረክ።

እናቴ እሁድ ድፎ ዳቦ ጋግራ ልትሄድላት ነው።