ያገለገለ የምግብ ዘይት ለናፍጣ መኪና፦ ሁለት ታንከር፣ አንድ ታንከር ወይስ ባዮዲዝል?

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ካሉ ወዳጆቼ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። አንድ ሰው አሮጌ የናፍጣ መርሴዲስ በርካሽ ያገኛል። ከዚያ "በሬስቶራንት ዘይት ይሄዳል ይባላል፤ እውነት ነው?" ይለኛል። አዎ፣ ይሄዳል። እኔም 300ዲ መርሴዲስ በዚሁ ዘይት ዓመታት ነድቻለሁ። ገንዘብ የሚያስከስረው አመራረጡ ላይ ነው። ብዙ ሰው ኪቱን፣ ማለትም መኪናውን ለዘይት የሚያዘጋጀውን የዕቃ ስብስብ፣ አስቀድሞ ይገዛል። መጀመሪያ ሞተሩን እዩ፤ ቀጥሎ በአንድ ጉዞ ምን ያህል እንደምትነዱ አስቡ። ኪቱ መጨረሻ ይምጣ።

የዘይት ችግሩ ውፍረቱ ነው። ናፍጣ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4.5 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ገደማ ነው። የአኩሪ አተር ወይም የጎመን ዘር ዘይት ግን ከ30 በላይ ነው። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር እንደ ጉም መርጨት ሲገባው እንደ ክር ያፈሰዋል። ሳይቃጠል የቀረው ደግሞ ጫፉ ላይ ይጋገራል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዘይቱ በሙቀት ደርቆ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍር የማይላቀቅ ልባስ ይሆናል። ለእንጀራ ግሩም ነው። ኢንጀክተር ጫፍ ላይና የፒስተን ቀለበት ውስጥ ሲሆን ግን ሞተር ይገድላል። ከታች ያሉት ዘዴዎች ሁሉ ይህን ለመከላከል የተፈጠሩ ናቸው። አንዱ ዘይቱን በሙቀት ያቀጥናል፤ ሌላው በኬሚካል ይለውጠዋል።

የትኛው ሞተር ይችለዋል?

በጣም የሚችለው ነዳጁ መጀመሪያ ትንሽ ቅድመ ክፍል ውስጥ የሚቃጠልበት የድሮ ሞተር ነው። ከእነዚህ ውስጥ የምወደው የመርሴዲስ ኦኤም617 ነው። ባለ አምስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር፣ አሜሪካ ውስጥ እስከ 1985 በተሸጠው 300ዲ ላይ ያለው ማለት ነው። ፖምፓው የቦሽ ነው፣ ሲሊንደሮቹን በመደዳ የሚመግብ ዓይነት። ወፍራም ነገር አይበግረውም።

የቮልስዋገን ቲዲአይ ከ1999 እስከ 2003 ያለውም ይሠራል፤ ብዙ ሰው ነድቶበታል። ግን ነዳጁን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ስለሚረጭ ስህተት አይምርም። ዘይቱ በደንብ ካልሞቀ ቀለበቱ ይጣበቃል። ሉካስ የተባለውን የሚሽከረከር ዓይነት ፖምፓ የያዘ መኪና ካላችሁ ደግሞ ተዉት። በቀዝቃዛ ዘይት የፖምፓው ዘንግ ሲሰበር የታወቀ ነው።

ኮመን ሬይል (ኢንጀክተሮቹን ሁሉ በከፍተኛ ግፊት የሚመግብ አንድ የጋራ ቱቦ) እና የጭስ ማጣሪያ ያለው አዲስ መኪናስ? በጥሬ ዘይት አትሞክሩት። ማጣሪያውን ለማጽዳት ሲሊንደር ውስጥ ተጨማሪ ነዳጅ የሚረጭ ብዙ ነው። ከዚያ የተወሰነው ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ናፍጣ ሲሆን ቀስ በቀስ ይተናል። የምግብ ዘይት ግን አይተንም፤ እዚያው ይረጋል።

ሁለት ታንከር

የኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ለትክክለኛው ሰው። መኪናው የራሱን ታንከር ለናፍጣ ይይዛል። ሻንጣ ቦታ ላይ ሁለተኛ ታንከር ለዘይት ይገባል። የራዲያተሩ ሙቅ ውሃ በቱቦ ወደ ኋላ ሄዶ ታንከሩን፣ መስመሩንና ፊልትሮውን ያሞቃል። ሞተሩ አጠገብ ደግሞ ሌላ ማሞቂያ ይጨመራል፤ ዘይቱ ፖምፓው ጋ ሲደርስ 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንዲሆን። ጠዋት በናፍጣ ታስነሳላችሁ። ሲሞቅ ማብሪያውን ወደ ዘይት ትቀይራላችሁ። ከማጥፋታችሁ በፊት ወደ ናፍጣ መልሳችሁ መስመሩን ታጥባላችሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ያቺን ጥቂት ደቂቃ መርሳት ዋጋ ያስከፍላል። አንድ የጥር ምሽት ሳላጥብ አጥፍቼ ገባሁ። ጠዋት ፖምፓው ውስጥ ያደረው ዘይት እንደ ቅቤ ረግቶ ነበር። መኪናው ያልተነሳው ለሁለት ቀን ነው። ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁም መኪናውን የሚነዱ ከሆነ ይህን አስቡበት። ሁሉም ሰው ማጠብን ማስታወስ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ርቀት ነው። ሞተሩና ዘይቱ እስኪሞቁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሄዳል፤ በክረምት ይብሳል። ሥራችሁ ቤታችሁ አጠገብ ከሆነ ወደ ዘይት ሳትቀይሩ ትደርሳላችሁ። ከሪችመንድ ዋሽንግተን ለሚመላለስ ሰው ግን ይህ ችግር የለም።

ኪት ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ፊልትሮው ይሞቃል? ዘይቱ የሚነካው ቱቦ መዳብ አለበት? መዳብ ካለ አትግዙ፤ መዳብ ዘይቱን ቶሎ ያበላሸዋል። የሙቀት ጌጁስ የሚለካው ዘይቱን ነው ወይስ ውሃውን? የዘይቱን የማይለካ ኪት በጭፍን ያስነዳችኋል።

አንድ ታንከር

ይህን ያሳወቀው ኤልስቤት የተባለው የጀርመን ድርጅት ነው። ሁለተኛ ታንከር የለም፣ ማጠብ የለም። የኢንጀክተሩ ጫፍ ይቀየራል፣ የማሞቂያ ካንዴላው ይጠነክራል፣ ፊልትሮው በኤሌክትሪክ ይሞቃል። አስነስቶ መሄድ ነው። አመቺነቱ ያስቀናል።

ግን የተሠራው ለአውሮፓ ንጹሕ የጎመን ዘር ዘይት ነው። ጀርመን ለዚህ ዘይት ዲአይኤን 51605 የተባለ የራሱ የጥራት መለኪያ አላት። እኛ የምናወራው ዶሮና ድንች ስለተጠበሰበት ዘይት ነው፤ ውሃ፣ ጨውና አሲድ ስላለበት። ቀዝቃዛ ሞተር በዚህ ሲነሳ ያ የምጣዱ ልባስ በየቀኑ ይጨመራል። ሞቃት አገር ካልኖራችሁና ዘይታችሁን በደንብ ካላጣራችሁ አልመክረውም።

ባዮዲዝል

እዚህ ጋ መኪናውን አትነኩም፤ የምትለውጡት ዘይቱን ነው። ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ያህል ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ይቀላቀላል። ከዘይቱ የሚለየው ወፍራም ፈሳሽ፣ ግሊሰሪኑ፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይ የሚቀረው ከናፍጣ ብዙም የማይወፍር ነዳጅ ነው። አጭር መንገድ ለሚነዳ ሰው ይሻላል፤ ምክንያቱም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖም ይሠራል። የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ስለሚበላ ግን መለወጥ አለባችሁ። ታንከሩ ውስጥ የኖረውን ቆሻሻም ያጥበዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል።

የምፈራው ሜታኖሉን ነው። በቆዳ ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሲነድ ነበልባሉ በቀን አይታይም። ልጆች ባሉበት ቤት ጋራዥ ውስጥ ይህን የምታበስሉ ከሆነ እባካችሁ ተዉት። ባዮዲዝል ከፈለጋችሁ ከማደያ ግዙ። ቢ20 የሚባለውን፣ ማለትም 20 በመቶ ባዮዲዝል ያለበትን፣ ብዙ የናፍጣ ሞተር ይቀበላል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ አር99 የሚባለውን ጠይቁ። ይህ ከዘይትና ከስብ፣ ከተጠበሰበት ዘይት ጭምር፣ በፋብሪካ የሚሠራ ናፍጣ ነው። ለአዲስ መኪናም ይሆናል፤ ምንም ኪት አይፈልግም።

ዘይትን ከናፍጣ ወይም ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ መጨመርስ? ርካሽነቱ ለአንድ ሰሞን ነው። ውፍረቱ በከፊል ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ሒሳቡ

እንበል በዓመት 15,000 ማይል ትነዳላችሁ፤ መኪናው በጋሎን 25 ማይል ይሄዳል። 600 ጋሎን ነው። ሁለት ታንከር አስገብታችሁ 80 በመቶውን በዘይት ብትነዱ 480 ጋሎን ናፍጣ ከመግዛት ትድናላችሁ። ናፍጣ በ4 ዶላር ብንይዘው 1,920 ዶላር። ደስ ይላል። ግን 480 ጋሎን ማለት በሳምንት 9 ጋሎን ነው፤ ሬስቶራንት ዘይት በሚገዛበት የ35 ፓውንድ ጀሪካን ሁለት። መሰብሰብ፣ ማስቀመጥ፣ ውሃውን ማውጣት፣ እስከ 5 ማይክሮን ማጣራት አለ። ለዚህ በሳምንት 3 ሰዓት ብትሰጡ የሰዓታችሁ ዋጋ 12 ዶላር ገደማ ይሆናል። የኪቱንና የፊልትሮውን ዋጋ ሳንቀንስ። ኡበር የሚነዳ ሰው ይህን ከራሱ የሰዓት ገቢ ጋር ያወዳድር። ሥራውን ለሚወደው ግን ሰዓቱ አይቆጨውም፤ እኔ ከእነዚህ ነኝ።

ዘይቱን የምታገኙት ከኛ ምግብ ቤት አይደለም። ወጥና ጥብስ ዘይቱን ይበላዋል፤ ከሳምቡሳ በቀር የሚተርፍ የለም። ዶሮና ድንች ጠባሾች ጋ ሂዱ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ጓሮ ያለው በርሜል አብዛኛውን ጊዜ የሰብሳቢ ድርጅት ንብረት ነው፤ ከዚያ መቅዳት ስርቆት ነው። ነጭና እንደ ክሬም የረጋ ስብ አትውሰዱ።

ሕጉንም እወቁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጥሬ የምግብ ዘይትን ለመኪና ነዳጅነት አልመዘገበም፤ ያለ ፈቃድ የነዳጅ መስመር መቀየርንም እንደ ጥሰት ያየዋል። የመንገድ ግብርም አለ፤ የፌዴራሉ ለናፍጣ በጋሎን 24.4 ሳንቲም ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ቀለል ይላችኋል፤ ከ2007 ጀምሮ በዓመት እስከ 2,500 ሊትር ከነዳጅ ቀረጥ ነጻ ነው።

አገር ቤት ላለ መኪናም ትጠይቁኛላችሁ። ላንድክሩዘሩ ላይ ያለው 1ኤችዜድ ሞተር ቅድመ ክፍል ስላለው ለዚህ ይመቻል። የሚያስቸግረው ዘይቱ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት በአዲስ አበባ ሌሊት ይጠጥራል። ኑግ ደግሞ አይረጋም፤ ግን ከፓልም ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ተልባ ከሁሉም ይብሳል።

ቀድሞ ኪት የገባበት አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቃችሁ። ሻጩ አሙቆ ካቆየው ሌላ ቀን ተመለሱ። በናፍጣ አስነሱት፤ ነጭ ጭስ ቶሎ መጥፋት አለበት። ከዚያ አጥፉና የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ክዳኑ ሥር ጣታችሁን አስገቡና አሹት። እንደ ማር የሚጣበቅ ወይም እንደ ጄሊ የጓጎለ ነገር ካገኛችሁ መኪናውን ትታችሁ ሂዱ።